ዘንገና ሐይቅ ላይ ያየኋቸው ዳክዬዎች የትኞቹ ናቸው?

የባንጃ ልጅ፣ ጥር 14
ሰላም ለሁላችሁ። ለጥምቀት ወደ ቤተሰቦቼ መጥቼ ትናንት ከታናሽ እህቴ ጋር ዘንገና ሐይቅ ሄደን ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ በዳርቻው እንዳለፍኩ አላስታውስም፤ ወፎቹን ቆሜ ያየሁት ግን ገና ትናንት ነው። ከሥራ ባልደረባዬ የተዋስኩት አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ባይኖር ኖሮ ትናንትም እንደ ወትሮው «ዳክዬ አለ» ብዬ አልፌ ነበር።

ሦስት ዓይነት መሰሉኝ። አንደኛዎቹ ጥንድ ናቸው፤ ከዳር ካለው ሣር አጠገብ ይዋኙ ነበር፤ ምንቃራቸው ደማቅ ቢጫ ነው። ሁለተኛዎቹ ከሐይቁ መካከል ላይ በቡድን ተቀምጠዋል፤ ሃያ አካባቢ ይሆናሉ። አንዳንዶቹ ጥቁር ሆነው ጎናቸው ነጭ ነው፤ ሌሎቹ ድፍን ቡናማ ናቸው። ሦስተኛዎቹ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሆነው ግንባራቸው ላይ ነጭ ነገር አለ፤ ሲዋኙ አንገታቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቀንቃሉ።

ስሄድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቶ ስለነበር እስኪነሣ ድረስ ጠበቅን። ፎቶ በስልኬ አንስቻለሁ፤ ነገር ግን ከነጠብጣብ በቀር ምንም ስለማይታይ አልለጥፈውም። የምታውቁ ብትነግሩኝ እጅግ ደስ ይለኛል።

ሙሉ ጨረቃ፣ ጥር 14
ወንድሜ፣ እነዚያ ነጭ ጎን ያላቸው በአገራችን ብቻ የሚገኘው ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ ናቸው። በደጋ ሐይቅ ላይ ያየሃቸው ከሆነ ሌላ ሊሆኑ አይችሉም። እንኳን ደስ አለህ።

መምህር ዘደብረ ማርቆስ፣ ጥር 14
እንኳን አደረሰህ። ስም ከመስጠታችን በፊት ጥቂት ነገሮችን ብትነግረን ደግ ነው። የቆምከው ከሐይቁ በየት በኩል ነው፤ ፀሐይዋስ ከፊትህ ነበረች ወይስ ከኋላህ? ጠዋት ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጎ ውኃ ላይ ያለ ወፍ የሚያይ ሰው ቡናማውን ሁሉ ጥቁር አድርጎ ያየዋል፤ ስለዚህ «ጥቁር» ያልከውን ቃል እንዳለ ለመቀበል እቸገራለሁ። ሁለተኛ፣ በመካከል ያሉት ውኃ ውስጥ ይጠልቁ ነበር ወይስ ጅራታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ጭንቅላታቸውን ብቻ ይነክሩ ነበር? ይህ ከቀለም ይልቅ ብዙ ይናገራል። የምንቃራቸውን ቀለምና የጅራታቸውን አያያዝም አስታውስ። ጅራት ከውኃው ጋር እኩል ተኝቷል ወይስ ቀጥ ብሎ ቆሟል?

ከጮቄ ግርጌ፣ ጥር 14
ስለ ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ የተጻፈውን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ የምኖረው ጮቄ ሥር ነው፤ ይህችን ወፍ ከብት ስጠብቅ ጀምሮ አውቃታለሁ። ነጭ ጎን የላትም። ከሩቅ ስትታይ አመድማ ቡናማ ናት፤ ምንቃሯ ትንሽና ጥቁር፣ እግሮቿም ጥቁር ናቸው። የክንፏ የፊት ክፍል ሰማያዊ መሆኑ የሚታየው ስትበር ወይም ክንፏን ስትዘረጋ ነው፤ ክንፏን ሰብስባ ስትቆም ብዙውን ጊዜ ይሸፈናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህች ወፍ የሣር ወፍ ናት። ረግረጉ ዳር ከበጎች ጋር ሣር ስትግጥ ታገኛታለህ፤ መዋኘት ብትችልም ሐይቅ መካከል ገብታ በሃያ አትቀመጥም። ስትቆምም ስትራመድም አንገቷን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ጀርባዋ ላይ ታስተኛዋለች፤ ያንን አቋም አንዴ ያየ ሰው በሕይወቱ አይረሳውም።

ሙሉ ጨረቃ ሆይ፣ ወፏ ሌላ አገር የማትገኝ መሆኗ እውነት ነው፤ ሳይንሳዊ ስሟም ሲያኖኬን ሲያኖፕቴራ ይባላል። ስሟን የሰጣት በ1830ዎቹ አገራችንን ዞሮ ያየው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ዓመቱም 1845 ነው፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ዝይ ትባል እንጂ በዘር ጥናት ስትመረመር የቅርብ ዘመዷ ሆኖ የተገኘው በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ጫካ ወንዞች የሚኖር አንድ ዳክዬ ነው። ይህንን ሳነብ ምን ያህል እንደተገረምኩ ልነግራችሁ አልችልም። ደጋ ላይ ብርድ ለምዳ ሣር የምትግጠው የእኛ ዝይ ዘመዷ ቆላ ጫካ ውስጥ ተቀምጧል!

ሙሉ ጨረቃ፣ ጥር 15
ተቀብያለሁ፤ አመሰግናለሁ። እኔ ያየኋት በፎቶ ብቻ ነበር፤ ያውም ክንፏን ዘርግታ።

የባንጃ ልጅ፣ ጥር 15
መምህር፣ ለጥያቄዎችዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የቆምኩት በምዕራብ በኩል ነበር፤ ስለዚህ ፀሐይዋ ከፊቴ ከዛፎቹ በላይ እየወጣች ነበር። ይህንን አሁን ነው ያሰብኩት። በመካከል ያሉት አብዛኞቹ ራሳቸውን ክንፋቸው ውስጥ ቀብረው ተኝተው ነበር። ነገር ግን ከመካከላቸው አምስት ስድስት የሚሆኑት ወደ አንደኛው ዳር ተጠግተው ሙሉ በሙሉ ይጠልቁና ከሌላ ቦታ ብቅ ይሉ ነበር። እህቴ ከአንድ ጀምራ ስትቆጥር አንደኛው ከሃያ በላይ ቆይቶ ወጣ። ጅራታቸውን ልብ አላልኩም። ቢጫ ምንቃሮቹ ግን በፍጹም አልጠለቁም፤ ጅራታቸውን ሰቅለው ጭንቅላታቸውን ብቻ ይነክሩ ነበር። ሦስተኛዎቹ፣ ማለትም ግንባራቸው ነጭ የሆነው፣ ሰው ሲቀርባቸው አልበረሩም፤ በውኃው ላይ እግራቸውን እያማቱ ሮጠው ሄዱ።

የጣና ዳር፣ ጥር 15
ይህ መልስህ ግማሹን ሥራ ጨረሰው። በየዓመቱ በጥር ወር የውኃ ወፎች ቆጠራ ሲካሄድ ባሕር ዳር አካባቢ በፈቃደኝነት እሳተፋለሁ። ቆጠራው በብዙ አገሮች በአንድ ወቅት የሚደረግ ነው፤ ጥር የተመረጠውም ከሰሜን የሚመጡት ወፎች በዚህ ወቅት የሰሜኑን ብርድ በሚያሳልፉባቸው ቦታዎች ረግተው ስለሚቀመጡ ነው።

ቢጫ ምንቃሮቹ ባለቢጫ ምንቃር ዳክዬ ናቸው፤ ሳይንሳዊ ስማቸው አናስ ኡንዱላታ ነው። ደጋችን ላይ ዓመቱን ሙሉ ይኖራሉ። ዳግመኛ ብታያቸው ምንቃራቸውን በላይ በኩል የሚከፍለውን ጥቁር መስመር ተመልከት፤ የላባቸው ጠርዝ ፈዛዛ ስለሆነም ሰውነታቸው የዓሣ ቅርፊት የለበሰ ይመስላል። የኢትዮጵያው ዝርያ ከደቡብ አፍሪካው ይልቅ ጠቆር ያለና ምንቃሩም የደመቀ ነው፤ ክንፉ ላይ ያለው አንጸባራቂ ክፍልም ወደ ሰማያዊ ያደላል። ይኸው ዝርያ የተሰየመው ከላይ በተነሣው በሩፔል ስም ነው።

ግንባራቸው ነጭ የሆኑት ዳክዬ አይደሉም። ይህንን ስል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፤ ግን አይደሉም። ፉሊካ ክሪስታታ ይባላሉ፤ ወገናቸው ከዳክዬ ይልቅ ክሬን ለሚባለው ባለረጅም እግር ወፍ ይቀርባል። የዳክዬ እግር ጣቶች በቆዳ የተያያዙ ናቸው፤ የእነዚህ ግን እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ዳርና ዳሩ እንደ ቅጠል የሰፋ ነው። ምንቃራቸውና ግንባራቸው ነጭ ነው፤ በመራቢያ ጊዜ ከግንባሩ በላይ ሁለት ትናንሽ ጥቁር ቀይ እብጠቶች ይወጣሉ። አንገት መነቅነቁና ውኃ ላይ መሮጡ የእነርሱ ነው።

በመካከል ያሉት ጥቁርና ነጮች በእኔ ግምት አይትያ ፉሊጉላ ናቸው፤ ከአውሮፓና ከእስያ ለበጋ ወደ እኛ የሚመጣው ባለጎፈሬ ጠላቂ ዳክዬ። ወንዱ ጥቁር ሆኖ ጎኑ ብቻ ነጭ ነው፤ ከማጅራቱ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን ጉንጉን አለው፤ ዓይኑ ወርቃማ ቢጫ ነው። ቡናማዎቹ ሴቶቹ ይሆናሉ።

መምህር ዘደብረ ማርቆስ፣ ጥር 15
እህቴ፣ ስለ ወንዶቹ እስማማለሁ። ስለ ቡናማዎቹ ግን ቸኮልሽ እላለሁ። የደቡቡ ጠላቂ ዳክዬ፣ ኔታ ኤሪትሮፍታልማ፣ በአገራችን ሐይቆች ላይ አለ፤ ሴቷም ቡናማ ናት፣ እርሷም ትጠልቃለች። ሁለት ዓይነት ወፎች አንድ ላይ ተቀላቅለው መቀመጥ የተለመደ ነው። ቡናማውን ሁሉ የጥቁሩ ሚስት ማድረግ ልማድ ሆኖብናል።

የጣና ዳር፣ ጥር 16
መምህር፣ ተገቢ ተቃውሞ ነው፤ ስለዚህ መለያውን ልጻፈው። የደቡቡ ጠላቂ ሴት ፊቷ ላይ ከዓይኗ ኋላ ጀምሮ ወደ አንገቷ የሚወርድ እንደ ሙሉ ጨረቃ ሳይሆን እንደ ማጭድ የታጠፈ ነጭ መስመር አላት፤ ከምንቃሯ ሥርም ነጭ ነጥብ አለ፣ ጉሮሮዋም ነጭ ነው። ይህ ከሩቅ ሳይቀር የሚታይ ነው። የባለጎፈሬው ሴት ግን ፊቷ ድፍን ነው፤ አንዳንዷ ከምንቃሯ ሥር ትንሽ ነጭ ቢኖራትም ማጭዱ የላትም። ዓይኗም ቢጫ ነው፤ የደቡቧ ዓይን ግን ቡናማ ነው። የባንጃ ልጅ «ድፍን ቡናማ» ስላለ ነው ወደ ባለጎፈሬው ያዘነበልኩት። ፀሐይ ፊት ለፊት ስለነበረች ማጭዱ ጠፍቶበት ሊሆን እንደሚችል ግን አምናለሁ።

ከጮቄ ግርጌ፣ ጥር 16
አንድ ጥያቄ አለኝ። ዘንገና በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ ዳሩ ወዲያው ገደል የሚሆን ጥልቅ ሐይቅ ነው። ጠላቂ ዳክዬ ታች ድረስ ወርዶ ምን ይበላል? መካከሉ ላይ መቀመጣቸውስ ለምንድን ነው?

የጣና ዳር፣ ጥር 16
መካከሉ ላይ አይበሉም፤ ይተኛሉ። ባለጎፈሬው ብዙውን ጊዜ የሚጠልቀው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ ቀንድ አውጣ፣ ትናንሽ ነፍሳትና የውኃ እጽዋት ይለቅማል። ምግቡን የሚፈልገው ዳር ዳሩን ነው፤ ሌሊትም ይመገባል። ቀን ቀን ደግሞ ቀበሮም ሰውም የማይደርስበትን መካከለኛውን ውኃ መርጦ ያርፋል። የባንጃ ልጅ ያያቸው አምስት ስድስቱ ወደ ዳር ተጠግተው ነበር የጠለቁት፤ ይህ በትክክል የሚጠበቅ ነው።

ከቲሊሊ ማዶ፣ ጥር 17
ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ልጄ አንብቦልኝ ደስ ብሎኝ ውያለሁ፤ ይህንንም እርሱ ነው የሚጽፍልኝ። እኛ ልጆች ሳለን ይህን ሁሉ ይብራ እንለው ነበር። ታላቁም ትንሹም ይብራ ነው፤ በግቢ የሚረባው ዳክዬ ይባላል። ጠይቃችሁኝ ከሆነ፣ በእኛ ዘንድ የውኃ ወፍ አይበላም፤ እግሩ የተያያዘ ስለሆነ ርኩስ ነው ይባላል። ስለዚህ ነው ከሰው የማይሸሹት። እረኛ በግ ይዞ ሲያልፍ ወፉ ቀና ብሎ አይቶት መብላቱን ይቀጥላል። ዛሬ ግን ልጆች በወንጭፍ ሲመቷቸው አያለሁ፤ ለመብላት አይደለም፣ ለጨዋታ ነው። እንቁላላቸውንም ያወጣሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ እግዚአብሔር ሳይፈቅድ የምንገድለው ነገር ለማን ይጠቅማል?

ሌላም ልንገራችሁ። በክረምት የምናያቸውና በበጋ የምናያቸው አንድ አይደሉም። መስከረም ሲጠባ፣ አደይ ሲፈነዳ፣ ጥቂት ቆይቶ አዳዲሶቹ ይመጣሉ፤ መጋቢት ላይ ድንገት አንድ ቀን ጠዋት የሉም። አባቴ «ሄዱ፤ ግብጽ ገቡ» ይል ነበር። ወዴት እንደሚሄዱ ማን እንደነገረው አላውቅም።

መምህር ዘደብረ ማርቆስ፣ ጥር 17
ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አባትዎ ያሉት እውነት ነው ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹ ወደ ሰሜን ሲመለሱ የዓባይን ሸለቆ ተከትለው ነው የሚሄዱት፤ ግብጽም በመንገዳቸው ላይ ናት። «ይብራ» የሚለውን ቃል ስላነሡልንም አመሰግናለሁ። ተማሪዎቼ አንዳቸውም አያውቁትም። ከዛሬ ጀምሮ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ።

የባንጃ ልጅ፣ ጥር 21
ተመልሻለሁ። ትናንት ወደ ሐይቁ ሄጄ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ 10 ሰዓት ላይ። የቆምኩት እዚያው ምዕራብ ላይ ነው፤ ፀሐይዋ ግን ከኋላዬ ነበረች። መምህር፣ ልዩነቱ የሌላ ሐይቅ ያህል ነው! ጥቁር ያልኩት ጥቁር ሆኖ ቢገኝም ራሱ ላይ ሐምራዊ ብልጭታ አለው፤ ጎኑ እንደ ነጠላ ነጭ ነው፤ ከማጅራቱ የሚወርደውም ጉንጉን ንፋስ ሲመታው ይወዛወዛል። ዓይኑ ቢጫ ነው፤ እህቴ ከእኔ በፊት አየችው። ቡናማዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ዘጠኝ ናቸው። ስምንቱ ፊታቸው ድፍን ነው፤ ማጭድ የለም። ዓይናቸውም ቢጫ ነው። ስለዚህ የጣና ዳር ያልሽው ልክ ነው።

ዘጠነኛዋ ግን አልገባኝም። ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ ብላ ነበር። ውኃው ውስጥ ጠልቃ ትዋኛለች፤ ጀርባዋ ብቻ ነው ጎልቶ የሚታየው። ራሷ ከላይ ጥቁር ቡናማ ቆብ የደፋ ይመስላል፤ ከዓይኗ በታች በጉንጯ ላይ ፈዛዛ መስመር አለ፤ ጉሮሮዋም ፈዛዛ ነው። ምንቃሯ ወፍራምና ጎድጎድ ያለ ነው። ስትተኛ ጅራቷ ቀጥ ብሎ እንደ መጥረጊያ ቆመ። መምህር ስለ ጅራት የጠየቁኝ ትዝ ብሎኝ ልቤ መታ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ሳላቋርጥ አየኋትና በማስታወሻ ደብተሬ ሥዕሏን ሣልኩ።

የጣና ዳር፣ ጥር 21
ሥዕሉን አንስተህ ላክልኝ፤ ዛሬውኑ። የጻፍከው ሁሉ ወደ ማኮዋ ዳክዬ ሴት ይጠቁማል፤ ኦክሲዩራ ማኮዋ። ጅራታቸው ጠንካራ ላባ ያለው በዓለም ላይ ጥቂት ዳክዬዎች ናቸው፤ አፍሪካ ውስጥ ከሰሐራ በታች ያለችው ይህች ናት። ወንዱ በመራቢያ ጊዜ ገላው እንደ ደረቀ ሸክላ ቀይ፣ ራሱ ጥቁር፣ ምንቃሩ ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ እርሱን ብታየው ኖሮ ጥያቄ ባልነበረም። ማኮዋ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት መካከል የተመዘገበች ናት፤ ስለዚህ የአንዲት ወፍ መታየት እንኳ ሊመዘገብ የሚገባው ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆምክበትን ቦታ፣ ከእርሷ የነበረህን ርቀት ጻፍ። እርግጠኛ ያልሆንክበትንም ጻፍ፤ እግሯን አላየህም አይደል?

መምህር ዘደብረ ማርቆስ፣ ጥር 22
የእህቴን ፍርድ ተቀብያለሁ፤ ስለ ስምንቱ ተሳስቼ ነበር። ለዘጠነኛዋ ግን አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የማኮዋ ሴትና ገና ያልበሰለ ወንድ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ «ሴት» ከማለት «የሴት መልክ ያላት» ብለን ብንመዘግብ የተሻለ ነው። ሥዕሉ ሲደርስ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ባለሙያዎች እንዲያዩት እናድርግ።

የባንጃ ልጅ፣ ጥር 22
እግሯን አላየሁም። ርቀቱ መቶ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሥዕሉን ለየጣና ዳር ልኬያለሁ፤ እህቴ ደግሞ ጅራቱን ከእኔ አሳምራ ለብቻው ሥላዋለች፤ እርሱም አብሮ ተልኳል። መነጽሩን ለባልደረባዬ የምመልሰው ሰኞ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ አንድ ጊዜ ልመለስ አስቤያለሁ። አብሮኝ የሚመጣ ካለ 9 ሰዓት ላይ እንጅባራ መናኸሪያ በር ላይ እገኛለሁ።

ከቲሊሊ ማዶ፣ ጥር 23
ልጄ ይመጣል። እኔም ጉልበቴ ከፈቀደልኝ እመጣለሁ። ያችን ጅራቷን የምታቆመውን በልጅነቴ ያየኋት ይመስለኛል፤ ወንዱን ነው፣ ሰማያዊ ምንቃር ያለውን። የት እንዳየሁት ስመጣ አሳይሃለሁ።